ካምቢዮ ይውረድ የተባለላት ራቭፎሬ በአንድ ስንዝር ሽቦ ዳነች፦ ጅማ ስላለ አንድ ጋራዥ

ጅማ ውስጥ አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ ሰዎች ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። መኪናችሁ ማርሽ ስትቀይር የምትመታ፣ የምትዘገይ ወይም አንድ ማርሽ ላይ የምትቀር ከሆነ ካምቢዮ ለማስወረድ ከመስማማታችሁ በፊት አንድ የምትሄዱበት ቦታ አለ። ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ጋራዥ ነው። ታፔላ የለውም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለው፣ ከበሩ አጠገብ ትልቅ ዋንዛ አለ። ውጭ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት መኪና ቆሞ ይጠብቃል። በእኔ ግምት ከከተማችን ጋራዦች ለአውቶማቲክ መኪና የሚታመነው ይሄ ነው፣ ለምን እንደዚያ እንደምል ደግሞ የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

መኪናዬ የ2002 ሞዴል ቶዮታ ራቭፎር ናት። ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ። መጀመሪያ አሜሪካ የተነዳች ስለሆነች ፍጥነት መለኪያዋ የሚቆጥረው በማይል ነው። እኔ እጅ ከገባች 9 ዓመት ሆኗታል። እናቴ አጋሮ ስለምትኖር በየሳምንቱ እመላለስባታለሁ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ አዲስ አበባ ደርሳ ትመለሳለች። እስካሁን በመንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም ነበር።

ችግሩ የጀመረው ክረምት ሲገባ ነው። ጠዋት ተነስታ ስትሄድ ምንም የላትም። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ከተነዳች በኋላ ግን ማርሽ ስትቀይር አንድ ሰው ከታች በመዶሻ የመታት ያህል ትደነግጣለች። መጀመሪያ አንዴ ብቻ ነበር፣ መንገዱ ነው ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው ሳምንት ፈረንጅ አራዳ ጋ ቆሜ ልነሳ ስል ነዳጅ እየረገጥኩ ልክ ጭነት የበዛበት አይሱዙ ይመስል ትንፏቀቅ ጀመር፣ ከኋላዬ ያሉት ባጃጆች ክላክስ በክላክስ ሆኑ፣ ቼክ ኢንጂን መብራቱም በራ። አጥፍቼ ሳስነሳት ተስተካከለች። ማግስቱን ደግሞ እንደገና። እናቴን ለሐኪም ቀጠሮ ማምጣት ነበረብኝና እንዲህ ይዤያት አጋሮ መሄድ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ሌሊት እንቅልፍ ነስታኝ ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኳት ሌላ ጋራዥ ነው። ስሙን አልጠራም። ኮምፒውተር ሰክተው አዩና "የካምቢዮ ነው" አሉኝ። ምን ቁጥር እንዳሳየ አልነገሩኝም፣ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። የታየውን የስህተት ቁጥር፣ ኮዱን ማለት ነው፣ አጠፉት። ከዚያ የካምቢዮ ዘይት ይቀየር ተባለ። የዘይቱን ዓይነት ስጠይቅ "ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው" አሉኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ሁለት ቀን ደህና ሄደች፣ በሦስተኛው ቀን ያው ሆነ። ስመለስ መኪናዋን እንኳን ሳያዩ ፍርዱ ተሰጠ፦ ካምቢዮው አልቋል፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ እናስመጣለን፣ 220 ሺህ ብር፣ የእጅ 25 ሺህ፣ ግማሹን ቀብድ። ይሄን ሁሉ ሲሉኝ አንድም ቡሎን አልፈቱም፣ አንድም ነገር አልለኩም። ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። "ምኑ ነው ያለቀው?" ስል "አንቺ አይገባሽም" መባሌ ነው።

አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ስለ መኪና ብዙ ያነባል። ስደውልለት ወዲያው "አክስቴ፣ ካምቢዮ እንዳትገዢ! ኮምፒውተሯ ነው" አለኝ። የነገረኝ ነገር እውነት ነው፣ የራቭፎር ባለቤት ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በፈረንጆቹ ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩት አውቶማቲክ ራቭፎሮች ላይ የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ብየዳ እየተሰነጠቀ ማርሽ ሲቀየር እንዲመታ ያደርጋል። ቶዮታም አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሲል የኮምፒውተሩን ዋስትና አራዝሞ ነበር። ችግሩ ሳይታወቅ ካምቢዮ የቀየሩ፣ ከዚያም አዲሱ ካምቢዮ ላይ ያው ነገር የተደገመባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ልጁ ያገለገለ ኮምፒውተር በ45 ሺህ ብር አገኘልኝና ልላክልሽ አለኝ። ልልክለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ገንዘቡን ከመላኬ በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይሄን ጋራዥ ነገረኝ። "እሱ ልጅ ሳይለካ አይናገርም" ነው ያለኝ። በቃ ይህች አባባል ወሰደችኝ።

ስደርስ ባለቤቱ ቱታውን ለብሶ አንድ ቪታራ ሥር ተኝቶ ነበር። ከልጆቹ ጋር በኦሮምኛ እያወራ ይሠራል፣ ለእኔ በአማርኛ ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ይመስለኛል። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወጣና ቁልፉን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም።

"እትዬ፣ ቁልፉን በኋላ ይሰጡኛል። መጀመሪያ ይንገሩኝ" አለ። ትንሽ ደብተር አወጣ።

የጠየቀኝን አልረሳውም። የሚያስቸግራት ስትቀዘቅዝ ነው ስትሞቅ? ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ ትላለች ወይስ ትሄዳለች ግን ትመታለች? ከዲ ወደ አር ስታዞሪያት ትዘገያለች? መብራቱ የሚበራው ከመምታቷ በፊት ነው በኋላ? አጥፍተሽ ስታስነሺ ለምን ያህል ጊዜ ደህና ትሆናለች? (ለእኔ የጠየቀው በ"እርስዎ" ነው፣ እኔ ነኝ አሳጥሬ የጻፍኩት።) መጨረሻ ላይ "ባለፈው አንድ ዓመት ምን ተሠርቶባታል? ካምቢዮ ጋ የማይገናኝ ቢመስልዎትም ይንገሩኝ" አለኝ። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ አልኩት። "ባትሪው ለምን ተቀየረ?" አለ። የድሮው አሲድ አፍስሶ ነበር አልኩት። አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ጻፈው። ለእኔ ያን ጊዜ ምንም ትርጉም አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ነው ኮፈኑን የከፈተው። መጀመሪያ ዘይቱን አየ፣ እንዴት እንዳየ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚያየው እንደ ሞተር ዘይት አጥፍቶ ነው። የእኔዋ ዓይነት መኪና የሚታየው ሞቃ፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሯ እየሠራ ነው። ፍሬን ረግጠህ ማርሹን በየተራ ሁሉም ላይ ታሳርፋለህ፣ ወደ ፒ ትመልሳለህ፣ ከዚያ መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ ጠርገህ መልሰህ አስገብተህ ታነባለህ። ልኩ "ሙቅ" በሚለው ምልክት መካከል መሆን አለበት። ጠብታውን ነጭ ሶፍት ላይ አደረገና ለእኔም አስሸተተኝ። ዘይቱ ወደ ጥቁር ቡናማ ከሄደና የተቃጠለ ሽታ ካለው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች፣ ማርሹን ተጣብቀው የሚይዙት ስስ ሳህኖች፣ እያለቁ ነው ማለት ነው። እንጆሪ በወተት የተመታ ከመሰለ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታልና መኪናዋ ከቆመችበት መነሳት የለባትም። የእኔው ቀይና ንጹሕ ነበር። ደስ አለኝ። እሱ ግን "ይሄ ገና የተቀየረ ስለሆነ ምንም አይነግረኝም፣ የድሮው ቢኖር ነበር የሚነግረኝ" አለ። ደስ የሚያሰኘኝን ነገር ሊነግረኝ ይችል ነበር እኮ።

ቀጥሎ ኮምፒውተር ሰካ። የወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ፦ ፒ 0758። አስረዳኝም። ፒ 07 ብሎ የሚጀምር ኮድ የካምቢዮ ክፍል ነው፣ ስለዚህ "የካምቢዮ ነው" ያሉኝ ሰዎች እስከዚያ ድረስ ልክ ናቸው። ግን ኮዱ እዚያ አያቆምም። 0755 ቢሆን ማርሽ የሚቀይረው ሁለተኛው ሶሌኖይድ (ኮምፒውተሩ በኤሌክትሪክ የሚያዘው የዘይት ቫልቭ) በትክክል አልሠራም ማለት ነው፣ መንስኤው ቆሻሻ ዘይት ወይም የተጣበቀ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። 0758 ግን የዚያው ሶሌኖይድ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ደግሞ ሦስት ቦታ ብቻ ነው ሊበላሽ የሚችለው፦ ሶሌኖይዱ ራሱ፣ ኮምፒውተሩ፣ በመካከላቸው ያለው ሽቦ። "ከሦስቱ አንዱ ነው፣ ሦስቱም ይለካሉ" አለኝ። የመጀመሪያው ጋራዥ ይሄን ቁጥር አይቶ ነው ያጠፋው።

ስለ እህቴ ልጅ ነገርኩት። አልናቀውም። "ልጁ ያለው እውነት ነው፣ በዚህ መኪና መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ግን መጠርጠርና ማወቅ ይለያያል" አለ።

አብረን ወጣን። እኔ ነዳሁ፣ እሱ ከጎኔ ማሽኑን ይዞ። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣውን ዳገት መረጠ። ሞተሩ እስኪሞቅ ከተማ ውስጥ አዞርናት፣ ዳገቱን ስትጀምር አንዴ ክፉኛ መታች። "ጥሩ" አለ! እኔ ደንግጬ እሱ ደስ አለው። ስንመለስ ግን ያላሰብነው ነገር ሆነ። ወደ ሰፈር ስንገባ ሜዳ ላይ፣ በቀስታ፣ ኮብልስቶኑ ሲያንቀጠቅጣት ደግማ መታች። ዳገት የለም፣ ጭነት የለም። እሱ ዝም ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። በኋላ እንደነገረኝ ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩን ይበልጥ ይጠረጥር ነበር፣ መንቀጥቀጡ ግን ወደ ሽቦ ጠቆመው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካምቢዮው ላይ ያለውን ሶኬት ነቀለና በቴስተር ሶሌኖይዱን ለካው። 5.3 ኦም። የዚህ ሶሌኖይድ ጤነኛ ልኩ ከ5 ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ ስለዚህ ደህና ነው። ይሄ ማለት በሺህ የሚቆጠር ብር ሊወጣበት የነበረው፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዕቃ፣ አልተበላሸም ማለት ነው። ከዚያ ከተሳፋሪው ፊት ያለውን መሳቢያ አወጣና ከኋላው ያለውን ኮምፒውተር ፈታ። ክዳኑን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ይዞት ወጣ፣ በአጉሊ መነጽር ብየዳዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ለእኔም አሳየኝ። የተሰነጠቀ ብየዳ በእግሩ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ይሠራል ብሎኛል። ምንም ቀለበት አልነበረም፣ ሁሉም ያብረቀርቁ ነበር። "ይሄ ብቻውን አይበቃም" አለና ቀጠለ።

ቴስተሩን በኮምፒውተሩ በኩል ባለው ሶኬት ላይ፣ ወደዚያው ሶሌኖይድ በሚሄደው ሽቦ ላይ አደረገ። ያው 5.3 ገደማ አነበበ። ረዳቱን ጠራና ሽቦዎቹን ከሞተሩ በኩል ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲያወዛውዝ ነገረው። እኔ የቴስተሩን መስታወት እያየሁ ነው። 5.3። 5.4። 5.3። ልጁ እጁን ባትሪው ሥር አስገባ። 9። 40። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋ፣ መስመሩ ተቆርጧል የሚል ምልክት መጣ። ልጁ እጁን ሲያነሳ ወደ 5.3 ተመለሰ። ደግሞ ሲነካው ጠፋ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጮኹ፣ እኔም አብሬ።

ባትሪው ወረደ፣ ማስቀመጫ ቆርቆሮውም ወረደ። በዚህ መኪና ወደ ካምቢዮው የሚወርደው የሽቦ እሽግ በባትሪው ሥር ነው የሚያልፈው። የድሮው ባትሪ ያፈሰሰው አሲድ ጠብ ጠብ እያለ መሸፈኛውን በልቶት ነበር። ከውስጥ ያለው ሽቦ እንደ ድሮ ናስ ዕቃ አረንጓዴ አብቅሏል፣ ሁለት ሦስት ክር ብቻ ነው የቀረው። መኪናዋ ስትሞቅና ስትንቀጠቀጥ እነዚያ ክሮች ይለያያሉ፣ ስትቀዘቅዝ ይገናኛሉ። ባትሪውን የቀየረልኝ ሰው አዲሱን አስቀምጦ ሥሩን ሳያይ ሄዷል። እኔም አላየሁም። ደብተሩ ላይ የተጻፈው "ባትሪ፣ አሲድ" የሚለው ቃል ትርጉም ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ ሽቦ ተቆርጦ መኪናዋ ለምን ትመታለች? ይሄን ጠየቅኩት፣ በትዕግሥት መለሰልኝ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው። ግፊቱን የሚመጥኑት ሶሌኖይዶች ናቸው፣ እነሱን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ከአንዱ ሶሌኖይድ ጋር መነጋገር ሲያቅተው ፍሪሲዮኖቹ እንዳይንሸራተቱና እንዳይቃጠሉ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፣ አንዳንድ ማርሾችንም ይተዋቸዋል። ግፊቱ ከፍ ሲል ማርሹ በኃይል ይያዛል፣ እኛ የምንሰማው ያንን ነው። ከቆመችበት ስትነሳ የተንፏቀቀችውም በትልቅ ማርሽ ለመነሳት ስለተገደደች ነው። በሌላ አነጋገር ካምቢዮዋ ራሷን እየጠበቀች ነበር። እኔ ግን ሞተች ብዬ ሳለቅስባት ከረምኩ።

ጥገናው ግማሽ ቀን ወሰደ። የተበላውን አንድ ስንዝር የሚሆን ሽቦ ቆርጦ አወጣ፣ እኩል ውፍረት ያለው አዲስ ሽቦ በየደው፣ በእሳት የሚኮማተር ላስቲክ አለበሰው፣ ከላይ የፕላስቲክ ቱቦ ጨመረ። በፕላስተር ጠምጥሞ ብቻ አልተወውም። የባትሪውን ማስቀመጫ በሶዳና በውሃ አጥቦ አሲዱን ገደለው፣ ቀለም ቀባው፣ እሽጉንም ከባትሪው ራቅ አድርጎ አሰረው። የተቆረጠችውን ሽቦ በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠኝ። እስካሁን የቤቴ መሳቢያ ውስጥ አለች።

ዘይቱን በተመለከተ ደግሞ ይህች መኪና የምትፈልገው ታይፕ ቲ-ፎር የሚባለውን ነው። ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም፣ ፍሪሲዮን የሚይዝበት አኳኋን ይለያያል። የካምቢዮውን ታች ክዳን ፈቶ ውስጡ ያለውን ማግኔት አሳየኝ። ላዩ ላይ እንደ እርሳስ ብናኝ ያለ ለስላሳ ግራጫ ነገር ነበር፣ ይሄ ለእድሜዋ ጤናማ ነው አለ። የሚያስፈራው በጣት የሚለይ ስባሪ ብረት ወይም ጥቁር የፍሪሲዮን ቅርፊት ሲገኝ ነው። ስትከፈት የሚወጣው ዘይት ከጠቅላላው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው ክፍል ውስጥ፣ ይቀራል። ስለዚህ አሁን አንዴ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደግሞ አንዴ መቀየር ነው እንጂ በአሮጌ ካምቢዮ ላይ በማሽን ግፊት ማጠብ አልመከረኝም።

ሒሳቡ ይኸውና። ለምርመራ 1 ሺህ ብር፣ ለሽቦው ሥራ 3 ሺህ 500፣ ለ4 ሊትር ዘይት 5 ሺህ 600። በድምሩ 10 ሺህ 100 ብር። ይሄን ከ245 ሺህ ጋር አስተያዩት። ስለ ምርመራ ክፍያው አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ሰው "ሳይሠራ ለማየት ብቻ ያስከፍላል" ብሎ ይወቅሰዋል፣ ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። የምርመራ ገንዘብ የማይቀበል መካኒክ ዳቦውን የሚያገኘው ዕቃ በመቀየር ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዕቃ ይቀይራል። ይሄኛው ግን "ካምቢዮዎ ደህና ነው" ብሎ ቢያሰናብተኝም የድካሙን ያገኛል። እኔ የከፈልኩት 1 ሺህ ብር በመኪናዬ ላይ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ያልቆጨኝ ነው።

አሮጌ መኪና ሽጠሽ ሌላ ግዢ የሚሉኝ አሉ። በምን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የሀብታም ነገር አደረገው፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ኤሌክትሪኩ ጥሩ ነው ይላሉ፣ አልነዳሁትም። እኛ ግን በእጃችን ያለችውን ነው መንከባከብ ያለብን፣ ለዚያ ደግሞ የሚለካ መካኒክ ያስፈልገናል።

ቅሬታም አለኝ። ቦታው ጣሪያ ያለው ለሁለት መኪና ብቻ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ሥራው ይቆማል፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ግቢው በክረምት ጭቃ ነው፣ ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። ስልክ አያነሳም፣ በተለይ መኪና ሥር ሲሆን፣ ስለዚህ በአካል ሄዶ ወረፋ መያዝ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ሦስት ሰዓት ያህል ጠብቄያለሁ፣ መቀመጫውም አንድ የጅማ በርጩማ ብቻ ነው። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁት አይሰጥም፣ ስጠይቀው ግን በእጁ ጽፎ እያንዳንዱን ዋጋ ለይቶ ሰጠኝ። ደግሞ ሁሉን አይሠራም። ካምቢዮ ውስጡ የተቃጠለ ከሆነ "ይሄ ከአቅሜ በላይ ነው" ብሎ አዲስ አበባ እንድትወስዱ ይነግራችኋል፣ አጠገቤ የነበረን አንድ ሰውዬ እንዲያ ሲለው ሰምቻለሁ። ያ ሰውዬ ተከፍቶ ነበር፣ እኔ ግን ለመካኒኩ ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ምልክቱን አስተውላችሁ ሂዱ። ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ ብቻ እየጮኸ መኪናዋ የማትፈጥን ከሆነ፣ ዘይቱም ከሸተተ፣ ይሄ የመንሸራተት ነገር ነው፣ መንዳት አቁሙ፣ በጎታች ውሰዷት። የምትመታ ከሆነ፣ በተለይ መብራት ከበራ፣ አንዳንዴም አጥፍታችሁ ስታስነሱ የምትድን ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከኤሌክትሪክ ይጀምራል። ዲ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይታ ከያዘች መጀመሪያ የዘይቱን ልክ እዩ። ኮዱን ግን ሳያነቡላችሁና ሳትጽፉት አታስጠፉ። እኔ ጽፌ ይዤ ቢሆን ኖሮ አንድ ወር ያህል ባላሰቃየኝ።

አሁን ከተሠራች አራት ወር አልፏታል። ባትሪ ተነቅሎ ስለነበር መጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ማርሽ አቀያየሯ ትንሽ የተለየ ነበር፣ በቀስታ እየነዳሁ አስለመድኳት፣ ተስተካከለች። አጋሮ በየሳምንቱ። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ። የጊቤን ቁልቁለት ስወርድ እሱ እንዳስተማረኝ የኦቨር ድራይቩን ቁልፍ (4ኛ ማርሽ እንዲገባ የሚፈቅደውን) አጥፍቼ፣ ሲብስ ማርሹን 2 ላይ አድርጌ በሞተር እየያዝኩ ነው የምወርደው፣ ፍሬኔም አይግልም። ወደ ወልቂጤ የሚወጣውን ዳገት ደግሞ ኦቨር ድራይቩ ጠፍቶ ስትወጣው በ3ኛና በ4ኛ መካከል አትዋዥቅም፣ የካምቢዮ ዘይቱም እንዲያ አይሞቅም። አንድም ጊዜ አልመታችም፣ መብራቱም አልበራም። እናቴ ባለፈው ከጎኔ ተቀምጣ "ዛሬ ደግሞ እንዴት ነው እንዲህ የተኛች" አለችኝ።

የሚሠሩት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ብትደርሱ ወረፋው ይቀላል፣ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ መንገዱም ሰዉም ይጨናነቃል። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሶላት ስለሚዘጉ ከ8 ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ነው የሚሻለው።